የቤተ ክርስቲያኑ ወንበርና የአባባ ምድጃ

ለተወደድከው ወንድሜ ለአምብሮዝ ቬነር፣

ይህች ደብዳቤ ያን ሁሉ ባሕር አቋርጣ እጅህ እስክትገባ ድረስ እንደምን ከረምክ? ከገባችስ በኋላ እንደምን ሰነበትክ? ማርታ እንዴት ናት? ያ የሚያስቸግራት ጉልበቷ ተሻላት ወይስ የኩዊንስላንድ ሙቀት ጭራሽ አባሰባት? ትንሹ ጆሳያ ጥርስ አወጣ? ቆሞ መሄድ ጀመረ? በጎቹስ ደህና ናቸው? ዝናብ ጠብ አለላችሁ? እኔ አካሌ አሁን ደህና ነው፣ ፈጣሪ ይመስገን። አባባም በሕይወት አሉ። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ የደብዳቤዬን ውፍረት አይተህ ልብህ እንዳይሸበር ብዬ ነው። በሕይወት አሉ። የቀረውን ቁጭ ብለህ አንብበው።

በሰኔ የጻፍከው ደርሶናል። መሬቱን ሸጬ፣ ማርታንና ልጁን ይዤ በመጪው ጸደይ ወደ ኔዘርኮምብ እመለሳለሁ፣ አባባ ደክመዋል፣ ምድጃውን እኔ እረከባለሁ ብለሃል። አንብቤላቸው ስጨርስ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው እስኪመሽ ተቀመጡ። ስለዚህ ወንድምጋሼ፣ መሬትህን ገና ካልሸጥክ አትሽጥ። ለመርከቡ ካልከፈልክ አትክፈል። መጀመሪያ ስማኝ፤ ከዚያ የወደድከውን አድርግ። መቼም ድሮም እኔን ሰምተህ አታውቅም።

ከፋሲካ ወዲህ አንድ መስመር ያልጻፍኩልህ ቸል ብዬህ እንዳይመስልህ። ብዕር ባነሣሁ ቁጥር ከየት እንደምጀምር እየጠፋኝ መልሼ አስቀምጠው ነበር። አሁን ግን አንተ ቤትህን ነቅለህ ለመምጣት ስትዘጋጅ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት መኸር ላይ ነው። ቄስ ዊንተርተን ቤተ ክርስቲያኑን እናድሳለን ብለው ተነሡ። አዲስ ነገር ከሰሙ እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው ታውቃለህ። እነዚያ በርና መቀርቀሪያ ያላቸው፣ ዙሪያቸውን እንደ በግ በረት የታጠሩ የድሮ ወንበሮች፣ አንተና እኔ ስብከቱ ሲረዝምብን ጎንበስ ብለን ዘቢብ የምንበላባቸው፣ ጊዜ ያለፈባቸው ናቸው ተባለ። ሁሉም ተነቅለው መቃብሩ አጠገብ ተቆለሉ። ዕድሜ የጠገበ ኦክ ነው፤ ደረቅ፣ በመዶሻ ሲመቱት የሚጮህ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ባለርስቱ ከአጥሩ ጭራሮ እንዳይቆረጥ ከልክሎ ማገዶ ከየትም የማይገኝ ሆኖ ነበር። የአጥቢያው ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ እንጨቱን ለዳቦ ጋጋሪው ለጆሳያ ቬነር እንስጠው፣ እሱም በምትኩ የብርዱን ወራት ሙሉ ጧሪ ለሌላቸው መበለቶች ዳቦ ይጋግርላቸው ብለው ወሰኑ። ማንም ክፉ አላሰበም። ይህን ልብ በልልኝ ወንድሜ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ክፉ ያሰበ ሰው የለም፤ እኔን የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

አባባ እንዴት እንደተደሰቱ ብታያቸው! እንጨቱ በጋሪ ሲራገፍ እየዞሩ በእጃቸው ይዳብሱት ነበር። ወንበሮቹ ነጭ ቀለም የተቀቡ ነበሩ። ነጭ በነጭ ላይ፤ አያቶቻችን ቀብተውታል፣ አባቶቻችን ደግመውታል፣ ቀለሙ እንደ ዛፍ ልጥ ወፍሮ በጥፍር ይላጥ ነበር። አባባ ለዚያ ግድ አልሰጣቸውም። የተባረከ እንጨት ነው ብለው አመኑ፤ አገሩም አመነ። እሑድ እሑድ በራችን ላይ ወሬው ይሄው ሆነ። የሥጋ ሻጩ ሚስት ወይዘሮ ቦውድን ሊጠበስላት የሥጋ ሰሃኗን ስታቀብል «ዛሬ የማንን ወንበር ነው የሚያነዱት ጋሽ ጆሳያ? የአማቴ ከሆነ ሥጋዬ ይመርብኛል፣ ለነገ ያቆዩልኝ!» ስትል ሰልፉ ሁሉ ይስቃል። አባባም «የአማትሽማ ማን አንድዶ ይችለዋል፣ ጭስ ብቻ ነው!» ይሏታል።

የእሑዱ ነገር አንተ እንደምታውቀው ነው። የመጀመሪያው ደወል ሲሰማ ሴቶቹ ሰሃናቸውን በጨርቅ ሸፍነው ይሰለፋሉ፤ የበግ ሥጋ ከነድንቹ፣ ያለው ያለውን። አባባ እየተቀበሉ ምድጃው ውስጥ ይደረድራሉ፤ ሰው ከጸሎት ሲወጣ የበሰለውን ይዞ ቤቱ ይገባል። ቆርቆሮዎቹንም አትረሳቸውም። የማን ሰሃን የማን እንደሆነ እንዲለይ አባባ ከብስኩት ጣሳ ቆርጠው፣ በሚስማር ሥዕል የወጉባቸው፤ የቦውድኖች ቁልፍ፣ የጫማ ሰፊው ዓሣ፣ የሎኮች ወፍ። አንዷ እኛ ዘንድ ምድጃው አጠገብ ሚስማር ላይ ትንጠለጠላለች፣ መንታዋ ባለቤቱ ቤት ትኖራለች። ያቺን ቆርቆሮ የያዘ ሰው የኔዘርኮምብ ሰው ነው። ያልያዘ ገና ነው። አቶ ታፕስኮት የሚባል ሰው ከብሪስቶል መጥቶ ገበያው አጠገብ የሻይና የስኳር ሱቅ ከፍቶ ነበር። ሚስቱ አንድ እሑድ ሰሃን ይዛ መጣች። አባባ በትሕትና ምድጃው ሞልቷል አሏት። አልሞላም ነበር። አንድ ዓመት ይክረሙና እናያቸዋለን ማለታቸው ነው፤ አያታችንም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ሴትዮዋ ሰሃኗን ይዛ ተመለሰች፤ ከዚያ በኋላ ዳቦውንም ሥጋውንም በራሷ ትንሽ ምድጃ መጋገር ጀመረች።

ከገና በኋላ መበለቶቹ ሆዳችንን ቆረጠን ማለት ጀመሩ። እርጅና ነው ተባለ። ቀጥሎ ጫማ ሰፊው ታመመ፤ ቀጥሎ ወይዘሮ ቦውድን። ቁርጠት ብቻ አይደለም። ፊታቸው ሊጥ ይመስላል፣ አፋቸው ብረት ብረት ይላቸዋል፣ ደረጃ መውጣት ያቅታቸዋል፤ እኔንም ቁርጠቱ ቀለል ብሎ ነክቶኛል። ዶክተር ሃላም ያላቸውን መድኃኒት ሁሉ አዘዙ። የውኃው ፓምፕ ነው ተባለና እጀታው ተፈቶ ተወሰደ፤ ከወንዝ እየቀዳን ስንጠጣ ከረምን። ለውጥ የለም። ዳቦ እንኳ የማይበላላቸው ሰዎች ሆኑ፤ አባባ አዝነው ለስላሳውን እየመረጡ ይልኩላቸው ነበር።

ሎቲን አታውቃትም፤ አንተ ከሄድክ በኋላ የተወለደች ናት። የግንበኛው የሳይላስ ሎክና የኬዚያ አንድያ ልጅ። እሑድ እሑድ ሰሃኑን ለመረከብ ከእናቷ ፊት እየሮጠች የምትመጣው እሷ ነበረች፤ ወፏ ያለችባትን ቆርቆሮ በሰማያዊ ክር አንገቷ ላይ አስራ። አባባ ሁልጊዜ ከምድጃው ወለል ላይ ያረረውን የታችኛውን ቅርፊት ቆርሰው ይሰጧታል። «ይኼ የወፏ ነው» ይሏታል፤ እሷም ባንኮኒው ሥር ተቀምጣ ትቆረጣጥመዋለች። በመጋቢት ታመመች። ምግብ አልዋጥልሽ ሲላት አባባ ነጭ ዳቦ በወተት አርሰው በየቀኑ ይልኩላት ነበር። የማደርሰው እኔ ነበርኩ። ኬዚያ በር ላይ ተቀብላኝ «አባትሽን እግዚአብሔር ይስጥልኝ በያቸው፣ ከሳቸው ዳቦ በቀር የምትቀምሰው የለም» ትለኝ ነበር። መጨረሻ ላይ ሕመሙ ይጥላት ጀመር። በግንቦት ቀበርናት። በዋናው መንገድ ያለ ሱቅ ሁሉ መዝጊያውን ዘግቶ፣ ሰው ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። አባባ እንደዚያ ሲያለቅሱ እናታችን ስትሞትም አላየሁም።

ከቀብሩ በኋላ ሰው ዓይኑን ወደ ታፕስኮት አዞረ። ምክንያቱ ቀላል ነበር፤ ታፕስኮቶች ደህና ነበሩ። አባት፣ እናት፣ ልጆች፣ ሁሉም ጉንጫቸው ቀልቶ ከሱቃቸው ፊት ይታያሉ። «እኛ እየረገፍን እነሱ ይወፍራሉ!» አለች ወይዘሮ ቦውድን በገበያው መካከል፣ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ። «ሻዩ ውስጥ የሚጨምረውን እሱና ሰይጣን ያውቃሉ። ለራሱ ቤት ግን አያፈላውም!» አባባም፣ አልዋሽህም፣ ባንኮኒው ኋላ ቆመው «የኔ ዱቄት ከፔሪ ወፍጮ ነው፣ አባቴም አያቴም ከዚያ ነው የገዙት። የሱን ሻይ ግን ማን ያውቀዋል?» አሉ። ያችን ብቻ ነው ያሉት። ግን የአባባ ቃል በዚህ ከተማ ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቃለህ፤ ይከብድ ነበር ልበል።

በገበያ ቀን በጠራራ ፀሐይ ድስትና መጥበሻ እየቀጠቀጡ በሩ ላይ ወጡ። የሱቁን መስታወት በድንጋይ አወረዱት። ሻዩን ከነሳጥኑ መንገድ ላይ ደፍተው ረገጡት። ታፕስኮት በሸሚዝ ብቻ በሩ ላይ ቆሞ «ምን አደረግኋችሁ? አንድ ሰው ይንገረኝ እንጂ! ምን አደረግሁ?» እያለ ይጮሃል። ከሳምንት በኋላ ዕቃቸውን በጋሪ ጭነው ሄዱ። ሚስቱ የግድግዳ ሰዓታቸውን ጭኗ ላይ አቅፋ ተቀምጣ ነበር፤ በኛ በር ሲያልፉ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ፊቷን አዞረች። ሰው ተገላገልን አለ። ሕመሙ ግን አልሄደም።

አባባ እጃቸው መዛል የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። መጀመሪያ ረጅሙ የዳቦ አካፋ እየከበዳቸው መጣ። ቀጥሎ ጽዋ ማንሣት አቃታቸው። ክንዳቸውን ሲያነሡ መዳፋቸው ከአንጓው ላይ ታጥፎ ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ ቀና በል ቢሉት አይታዘዝም። ይህን ሁሉ ዘመን የሚበሉት ያው የማይሸጠውን፣ ያረረውን፣ ከወለሉ የተቧጠጠውን ነው። በነሐሴ ዶክተር ሃላምን ጠራኋቸው። የአባባን ከንፈር ገልብጠው ድዳቸውን አዩ፤ ጥርሳቸው ሥር እንደ ሰማያዊ ክር ያለ መስመር ነበር። በዚህ ከተማ ያልታመመ ማን ነው አሉኝ። ታፕስኮቶች ነበሩ አልኩ። ሌላስ? የኬላ ጠባቂው፣ ዳቦውን ራሱ ይጋግራል። ሌላስ? ቄስ ዊንተርተን፣ እሳቸው በቤታቸው ምድጃ አላቸው። ይህን እየተናገርኩ ሳለሁ የምለው ነገር ራሴን አስደነገጠኝ። ዶክተሩ ተነሥተው ወደ ጓሮ ወጡ።

የቀረው እንጨት እዚያው ግድግዳው ሥር ተከምሮ ነበር። አንድ ቁራጭ አንሥተው ቀለሙን በጥፍራቸው ፋቁት። «ጆሳያ፣ ይህ ከየት የመጣ ነው?» አሉ። አባባ፣ ምስኪኑ አባቴ፣ ፊታቸው በራ። «ከቤተ ክርስቲያኑ ነው እኮ ዶክተር! ከዚህ የጸዳ እንጨት ከየት ይገኛል?» አሉ። ዶክተሩ ቀስ ብለው ቀለሙ እርሳስ ከሚባለው ከባድ ብረት የሚሠራ መሆኑን፣ እርሳስ መርዝ መሆኑን፣ እንጨቱ ቢነድም እሱ እንደማይጠፋ ነገሯቸው። እሳቱ የሚነደው ዳቦው በሚተኛበት በዚያው ጡብ ላይ መሆኑን ለአንተ አልነግርህም። አመዱን ጠርገን፣ በእርጥብ ጨርቅ ወልውለን፣ ጸዳ ብለን ነበር ሊጡን የምናስገባው። አባባ የሰሙትን በአንድ ጊዜ አልተረዱትም። ቆይተው «ሎቲን?» አሉ። ዶክተሩ አንገታቸውን ደፉ። አባባ የተንጠለጠሉ እጆቻቸውን አዩና «ቅርፊቱን» አሉ፤ «የታችኛውን ቅርፊት ነበር የምሰጣት።»

በማግሥቱ ቄስ ዊንተርተን መጡ። ዶክተሩ ነግረዋቸዋል። በጣም አዝኛለሁ አሉ፤ ማዘናቸውን አልጠራጠርም። ግን ሰውን ማሸበር ምን ይጠቅማል? የቀረው እንጨት ይቀበር፣ የምድጃው ወለል በአዲስ ጡብ ይነጠፍ፣ ሕመሙ በራሱ ይጠፋል፣ የቀረውን እግዚአብሔር ያውቃል አሉ። እግዚአብሔር ያውቃል ሲሉ ሰው አይወቅ ማለታቸው ነው፤ ወንበሩ የማን እንደነበር ማንሣት ስለማይሹ ነው። ዶክተሩም ዝም ማለቱን ደግፈዋል። እኔም በልቤ ዝም እንበል አልኩ። አባባ ግን «ታፕስኮትስ?» አሉ። ቄሱ «እሱማ ሄዷል» አሏቸው። «ያስኬድኩት እኔ ነኝ» አሉ አባባ። ቄሱ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ።

እሑድ ደረሰ። ምድጃው አልተለኮሰም። አባባ የቀብር ኮታቸውን እንዳለብሳቸው ጠየቁኝ፤ ቁልፉን አንድ በአንድ ቆለፍኩላቸው። ደወሉ ሲደወል ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ሰሃናቸውን ሸፍነው መጡ። አባባ በሩ መካከል ቆሙ። «ወገኖቼ፣ ሰሃናችሁን አልቀበልም» አሉ። «የታመማችሁት ከኔ ምድጃ ነው። በወንበሩ ቀለም ውስጥ መርዝ ነበረ፣ እኔ በዳቦዬ አበላኋችሁ። ታፕስኮት አንዳች አላጠፋም። ምስኪኗንም ልጅ የገደልኳት እኔ ነኝ።» ወይዘሮ ቦውድን መጀመሪያ ሳቀች። «ጋሽ ጆሳያ፣ ሊያስቁን ነው አይደል?» አለች። ከዚያ ፊታቸውን አየችና ሰሃኗን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ጫማ ሰፊው ከኋላ «ጥሩ አድርገው ጠበሱን!» ብሎ ጮኸ፤ አንዷ አሮጊት መበለት መሬት ላይ ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች። ሳይላስ ሎክ ከሰልፉ ጫፍ ቆሞ ነበር። ዞሮ ሄደ። ሁለተኛው ደወል ሲደወል ሰዉ ወደየቤቱ ለመመለስ ጊዜ ስላልነበረው ጥሬ ሥጋውን እንደያዘ ቤተ ክርስቲያን ገባ። በዚያ ቀን በአዲሶቹ አግዳሚዎች ሥር ጥሬ ሥጋ በጨርቅ ተሸፍኖ ሲያልብ ዋለ። ቄሱ ስለ ትዕግሥት ሰበኩ። ስለ ወንበሮቹ አላነሡም።

ከማግሥቱ ጀምሮ ቆርቆሮዎቹ ይመለሱ ጀመር። ማንም አላንኳኳም፣ ማንም አልሰደበንም። ጠዋት ስነሣ በመስኮቱ ደፍ ላይ ቁልፉ ተቀምጧል፤ ሲቀጥል ዓሣው፣ ሲቀጥል ኮከቡ፣ መሰላሉ፣ ፈረሱ። ቢሰድቡን፣ እንደ ታፕስኮት መስታወታችንን ቢሰብሩት ይሻለኝ ነበር። እኔ እየሰበሰብኩ ሳጥን ውስጥ ስከት አባባ «የወፏስ መጣች?» ይሉኛል። አልመጣችም እላቸዋለሁ። በየጠዋቱ ይህንኑ። በመጨረሻ የከተማው ሁሉ ተመልሶ አለቀ፤ የሎኮች ብቻ ቀረች። አባባ በመስኮቱ ፊት ወንበር አስቀምጠው መጠበቅ ሥራቸው ሆነ። ለታፕስኮትም በብሪስቶል አድራሻው ጻፊልኝ ብለውኝ፣ እሳቸው እየተናገሩ እኔ ጽፌ ላክን። መልስ የለም። እኔም በሱ ቦታ ብሆን አልመልስም።

በጥቅምት አንድ ጠዋት ሳይላስ ሎክ ትልቁን መዶሻውን ተሸክሞ በጓሮ በር ገባ። እኔ በቁሜ ደረቅሁ። አባባ ግን ከወንበራቸው ተነሡና ራሳቸውን ገልጠው ፊቱ ቆሙ። የመጣበትን እንዲያደርግ ነው። ሳይላስ ብዙ አያቸው። «ዘወር ይበሉ ጋሽ ጆሳያ፣ አቧራው ይነካዎታል» አለና አልፏቸው ወደ ምድጃው ሄደ። ያንን ምድጃ የሠራው አባቱ ነው፣ ታውቃለህ። ጣሪያውን አፈረሰ፣ ወለሉን ነቀለ፣ ጭስ መውጫውን አወረደ። ቆርቆሮ የሚንጠለጠልበትን ሳንቃ ብቻ በጥንቃቄ ነቅሎ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ጡቡን ማንም ቤት እንዳይሠራበት በጋሪ እያመላለሰ ድንጋይ ከሚፈለጥበት አሮጌ ጉድጓድ ውስጥ ጣለው። ውኃ ቀድቼ ሰጠሁት፤ አመሰገነኝ፣ ግን በኛ ጽዋ አልጠጣም። ሲጨርስ መዶሻውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሄደ። ስለዚህ ከኮረብታው ላይ ሆነህ ቁልቁል ስታይ ያ የምታውቀው ጭስ መውጫ የለም። እዚያ ላይ ቆመህ እንዳትፈልገው ብዬ ነው የምነግርህ።

ኬዚያ የመጣችው ባለፈው እሑድ ነው፣ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሳለ። እኛ መሄድ ትተናል፤ እሷም ትታለች መሰለኝ። ገብታ በሩ አጠገብ ቆመች። አንገቷ ላይ ያንን ሰማያዊ ክር አየሁት። አባባ ሊነሡ ሞከሩ፣ እጃቸው አልደግፍ ብሏቸው መልሰው ቁጭ አሉ። «ሁሉም መልሰውልዎታል አሉ» አለቻቸው። «እኔ አልመልስም። በየጠዋቱ መስኮቱን እንደሚያዩ ሰምቼ ልነግርዎት ነው የመጣሁት። አይጠብቁ።» አባባ «ልጄ...» ብለው ጀመሩ። «ይቅር በዪኝ እንዳይሉኝ» አለች ቶሎ ብላ። «ብልዎ ውሸት ይሆንብኛል፤ አልልም ብልዎ ደግሞ እርስዎን ማየት አልችልም። መንታዋን ይስጡኝ፣ ልሂድ።» መንታዋ እዚያው ሳንቃው ላይ ነበረች። አባባ እየተንገዳገዱ ሄደው ሊያነሷት ሞከሩ። ጣቶቻቸው ቆርቆሮዋን ይነኳታል፣ ሚስማሩን ማለፍ ግን አይችሉም፤ ደጋግመው ሞከሩ። እኔ ልረዳቸው ስል ኬዚያ በዓይኗ ከለከለችኝ። ራሷ መጥታ፣ የአባባን መዳፍ ከታች በመዳፏ ደግፋ ወደ ላይ አነሣችው፤ ቆርቆሮዋ ከሚስማሩ ወጣች። ከዚያ እጃቸውን ለቅቃ፣ ሁለቱንም ወፎች በአንድ ክር አስራ ወጣች። አባባ ከዚያ ወዲህ መስኮቱ ጋ አይቀመጡም።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። ሰው ዳቦውን ከቶንተን በጋሪ ከሚመጣ ነጋዴ ይገዛል። እኔ ለፔሪ ወፍጮ ጆንያ እየሰፋሁ አባባን አበላለሁ፤ በማንኪያ ማብላት ተምሬያለሁ፣ በዚህ አትጨነቅ። ዶክተሩ እጃቸው ሊመለስ ይችላል ይላሉ፤ እንደማያምኑበት ያስታውቅባቸዋል። ሌላው ሰው እየዳነ ነው፣ ይህ ደስ ይላል። ወይዘሮ ቦውድን በበራችን ስታልፍ ድሮ የማትዘጋው አፏ ዝም ይላል፤ ያችን አፍ እንደምናፍቃት ማን ያውቅ ነበር!

ናፍቀኸኛል ወንድምጋሼ። ይህን ሳልደብቅ እጽፍልሃለሁ። በሩ ተከፍቶ አንተ ስትገባ በየቀኑ ይታየኛል። ግን እኔን ከጠየቅከኝ አትምጣ። እዚህ ብትመጣ ማርታ ፓምፑ ጋ ብቻዋን ነው የምትቆመው፤ ሰላም ይሏታል፣ ከዚያ ዝም። ልጅህን ይዘህ በገበያው ስታልፍ ሴቶች ልጆቻቸውን ወደ ቀሚሳቸው ይስባሉ። ያችን የታፕስኮትን ሚስት፣ ሰዓቷን ታቅፋ ስትሄድ ያየኋት እኔ ነኝ፤ ማርታን እንደዚያ ማየት አልፈልግም። ያንን ምድጃ ልትረከብ አስበህ ነበር፤ ምድጃው የለም። አባባን የምትረከብ ከሆነ ግን እሳቸውን እኔ ይዣቸዋለሁ።

ማርታን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ከጉልበቷም በላይ ልቧ ይጽና። በጎቹን የሚጠብቅልህን ያንን አይሪሻዊ ሽማግሌ፣ ስሙን ሁሌ የምረሳውን፣ ሰላም በልልኝ። አክስታችን ፕሩደንስ ዓይኗ ጠፍቷል እንጂ ምላሷ ደህና ነው፤ ፎቶግራፍ አልላከም ብላ ትረግምሃለች፣ ከዚያ ትመርቅሃለች። የኔ ድመት እንኳ ሰላም ብላሃለች፤ ሙቅ ቦታዋ ፈርሶባት ቅር ብሏት ከርማለች።

ለትንሹ ጆሳያ የተላከ መልእክት አለ። ከኔ ሳይሆን ከአባባ ነው። ልጁ ሁለተኛ ስም ካለው በሱ ይጠራ፣ ከሌለው አምብሮዝ አንድ ይፈልግለት፣ የኔን ስም ግን ከላዩ ያንሣለት ብለሽ ጻፊ አሉኝ። ጻፊ ስላሉኝ ጻፍኩ። እኔ ግን እልሃለሁ፦ ያ ልጅ ሜዳው ላይ ሲሮጥ ጮክ ብለህ በስሙ ጥራው። እዚህ ያንን ስም ጮክ ብሎ የሚጠራ የለም።

እህትህ ታቢታ ቬነር

ኔዘርኮምብ፣ ሱመርሴት
እሑድ፣ ኅዳር 12 ቀን 1871